ጡረታ ቤት

ፖርቶ፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ዝናብ ባደረበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣
ሰባት ሰው፣ አንድ ውሻ፣ አንድ የዕቃ ማጠቢያ፣
ከማጠቢያው በታች፣ ከቱቦው ጥግ፣ ከጨለማው መሸሸጊያ፣
ሰማያዊ ከረጢት፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ፤
እናቴ ዴኦሊንዳ «ጡረታ ቤት» ትለዋለች፤
እስከ ዛሬ ግን ማንም እዚያ ገብቶ አልተጦረ።

«በዚህ ቤት» ትላለች፣ መቀሷን ስታነሳ፣
«አንዴ ሞቶ የሚቀር የለም፤ ማንም እንዳይረሳ!»
ፎጣ ፊት ያብሳል፤ ሲሳሳ እግር ያብሳል፤
እግር ሲሰለቸው ለውሻው ይደርሳል፤
ከውሻው ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ አባቴ የመፍቻ ሣጥን፣
ትራም ጠግኖ ሲወጣ ሊያብስበት እጁን፤
እዚያ ግሪስ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ጠቁሮ እንደ ከሰል፣
በገዛ ጉልበቱ ይቆማል፣ ዘበኛ ይመስል።

አንሶላ መሃሉ ሲሳሳ ለሁለት ይሰነጠቃል፤
ዳሩ መሃል ገብቶ፣ መሃሉ ዳር ይወጣል፤
ሁለት ክረምት እንዲህ፣ ስፌቱ ጀርባችንን እየቆረቆረን፣
እንተኛበታለን። ከዚያ የትራስ ልብስ፤ ከዚያ ቁራጭ፤
እሱ እያነሰ ሲሄድ እኛ እየረዘምን።

ሸሚዝ ከመቆረጡ በፊት አዝራሩ ይነቀላል፤
አንድ፣ ሁለት ተብሎ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጮኻል።

የቶሜ የጥርስ ብሩሽ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣
የደረጃችንን ሰማያዊ ሰቆች ስንጥቅ ለስንጥቅ ሲፈትግ ኖረ፤
ሰቆቹ ላይ መርከብ አለ፣ ጭስ ጠግቦ የጠቆረ፤
ብሩሹ ሲያልፍበት ሸራው ነጥቶ ይነፋል፤
ትንሽ ብትገፋው፣ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ያድራል።

ጎደሎ ካልሲ የጋስፓር ድርሻ ነው፤
የመስኮት መዝጊያውን ሊጠርግ እጁ ላይ ሲያጠልቀው፣
ካልሲው አፍ ያወጣል፤
ሰርዲን ይሸጣል፣ ከቄሱ ጋር በዋጋ ይከራከራል፤
አቧራው እዚያው ነው።

የእኔ ሥራ መስታወት ነው፣ ኮምጣጤና ጋዜጣ፤
ጀልባውን የሚሸጥ ሰው አለ፣ «ውሃ አያስገባም» ባይ፣
በዓምና ማስታወቂያ እስከ ጣቴ የመጣ፤
አንብቤ ሳልጨርስ ጀልባው እጄ ላይ ቀለጠ።

አንድ እሑድ፣ ታላቃችን ሌኦኖር ኤቫሪስቶን ይዛ መጣች፤
ጫማው ገና ቆዳ ቆዳ ይሸታል፣
የሸሚዙ እጅጌ ተተኩሶ ምላጭ ሆኗል፤
አባቴ ኦራሲዮ እንኳ ያን ቀን ፀጉሩን አበጥሯል።
የጎመን ሾርባው ቀረበ።
እንግዳው ዳቦ ሊያነሳ ሲንጠራራ ክርኑ ወይኑን መታው፤
ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ቀልቶ እስከ ጭናችን ረጠበ።
ብድግ አለ፤ ማንም ሳይዘው ማጠቢያው ሥር ገባ፤
ከከረጢቱ አፍ ላይ ያገኘውን መዘዘ፤
ጠረገ፣ ጠረገ፣ ግንባሩ በላብ እየወዛ።
ሊያጥፈው ዘረጋው።
ላስቲኩ ገና አለ። ሁለት እግር አለው።
የአባቴ የውስጥ ሱሪ ነው።

ውሻው እንኳ ጅራቱን መወዝወዝ አቆመ።
ሌኦኖር የምትገባበት ቀዳዳ አጣች።
አባቴ ማንኪያውን አኖረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«አሥራ አንድ ዓመት በታማኝነት አገልግሎኛል፤
አደራህን ልጄ፣ በክብር ያዘው፤ ይገባዋል።»

ጋስፓር በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ።
እንግዳው እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ ጨርቁን ግን አልለቀቀ፤
ውሃ ከፈተ፣ አጠበ፣ ጠምዝዞ ጨመቀ
የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ፤
አራግፎም ገመድ ላይ ሰቀለው፣ ሳይንጠባጠብ ወለሉ ላይ።
እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «መጭመቅ ያውቃል» አለች።
ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

ሠርጉ ላይ ብርጭቆ አንስተው «ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነህ» አሉት፤
እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩት።
ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ማታ፣ ያን ሸሚዝ ያየሁት፤
ክርኑ አልቆ፣ አንገትጌው ተበልቶ፣
እናቴ ጭን ላይ ተዘርግቶ።
ትነቅላለች፣ ትቆጥራለች፤ ስድስት። ሰባተኛው የለም።
«ይሄ ልጅ አዝራር መጣል አይተውም!» አለች፣
ቶሜን በምትቆጣበት ድምፅ፤
ሲባጎውን ፈታች።